ጠጥቶ ማሽከርከር፦ ክሱ አንድ ይመስላል፣ ፋይሉ ግን ሁለት ነው

ሰውየው ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ መንገድ ላይ ተያዘ። መሣሪያውን ነፋ፤ ቁጥሩ ከሚፈቀደው በለጠ፤ ጣቢያ አደረ። ጠዋት ሲለቀቅ ከንብረቱ ጋር አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጡት። ኪሱ ከተተውና ቤቱ ሄዶ ተኛ። የፍርድ ቤት ቀጠሮው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። «ገና ነው፤ ሲቃረብ ጠበቃ እይዛለሁ» አለ በልቡ። ደግሞም አፍሯል። ለሚስቱ እንኳን ሥራ አመሸሁ ነው ያላት።

ቀጠሮው አንድ ሳምንት ሲቀረው ጠበቃ ቢሮ ገባ። ጠበቃዋ ስለ መጠጡም ስለ ፖሊሱም አልጠየቀችውም። «ያን ወረቀት ይዘውታል?» አለችው። ወረቀቱን ገልብጣ አሳየችው። በጀርባው፣ በደቃቅ ፊደል፣ መንጃ ፈቃዱ እንደሚታገድ፣ እገዳውን የሚቃወም ከሆነም በ10 ቀን ውስጥ ማመልከት እንዳለበት ተጽፏል። 10 ቀኑ ካለፈ ቆይቷል። ይባስ ብሎ እገዳው ጸንቷል፤ እሱ ግን በዚያ ቀን ራሱ ወደ ጠበቃዋ ቢሮ የመጣው መኪናውን እየነዳ ነበር።

ሰውየው የፈጠርኩት ነው። ስህተቱ ግን ፈጠራ አይደለም። ጠጥቶ የተያዘ ሰው ፊት ለፊቱ ያለው አንድ ጉዳይ ይመስለዋል፤ በብዙ ቦታ ግን ሁለት ነው። ሁለቱ የተለያየ ቢሮ፣ የተለያየ ሕግ፣ የተለያየ የጊዜ ገደብ አላቸው። ቀድሞ የሚያልቀው ጊዜ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው የመንጃ ፈቃዱ ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ሕጉ ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከክልል ክልል ይለያያል። እዚህ የምጠቅሳቸው አገሮች ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የእናንተን ጉዳይ የሚያውቀው ወረቀታችሁን ያነበበ የአካባቢያችሁ ጠበቃ ብቻ ነው።

ሁለቱ ፋይሎች

የመጀመሪያው ፋይል የወንጀል ክሱ ነው። ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፣ ዳኛ ይፈርዳል። ቅጣቱ ገንዘብ፣ የገደብ ቅጣት ወይም እስር ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል።

ሁለተኛው ፋይል የተከፈተው ፈቃዱን በሰጠው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ዐቃቤ ሕግ የለም። ጉዳዩን የሚሰማው ብዙ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ሠራተኛ ነው። የሚወሰደው እርምጃም «ቅጣት» አይባልም፤ «አስተዳደራዊ እርምጃ» ነው የሚባለው። መንጃ ፈቃድ እንደ ስሙ ፈቃድ ነው፤ የሰጠ አካል ሊነሣው ይችላል የሚል ሐሳብ ከጀርባው አለ። ያም ሆኖ ዝም ብሎ መንጠቅ አይቻልም። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971 ዓ.ም. አንድ ሰው የመከራከር ዕድል ሳይሰጠው መንጃ ፈቃዱን ማጣት እንደሌለበት ወስኗል። ቤል እና በርሰን በሚል የሚታወቅ መዝገብ ነው። ጉዳዩ ከመጠጥ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም፤ ኢንሹራንስ ሳይኖረው አደጋ የደረሰበት ሰው ያቀረበው አቤቱታ ነው። ዛሬ ጠጥቶ የተያዘ ሰው «ልደመጥ» ብሎ ማመልከት የሚችለው ግን በዚያው መርህ ነው።

ችግሩ ይህ ዕድል ካልጠየቁት አይመጣም። ለመጠየቅ ያለው ጊዜም አጭር ነው። ካሊፎርኒያና ፍሎሪዳ 10 ቀን ይሰጣሉ። ቴክሳስ 15፣ ጆርጂያ 30። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ደግሞ ከገደቡ በላይ የተገኘ ሰው ፈቃዱ እዚያው መንገድ ላይ ለ90 ቀን ይታገዳል፤ ፍርድ ቤትን የሚጠብቅ የለም። ጀርመን ውስጥ በደንብ መተላለፍ የቅጣት ውሳኔ በፖስታ የደረሰው ሰው ለመቃወም ያለው 2 ሳምንት ነው። እንግሊዝ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፈቃዱን የሚነሣው ራሱ ፍርድ ቤቱ ነው። ጥፋተኛ የተባለ ሰው፣ እጅግ ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ቢያንስ ለ12 ወር ከመሪ ይርቃል።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ከጣቢያ በወጣችሁ ቀን፣ እንቅልፍ እንኳ ሳይወስዳችሁ፣ የተሰጣችሁን ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። በሁለቱም ገጽ አንብቡ። «ከ…ቀን በፊት» የሚል ነገር ካለ አክብቡት። ጠበቃ እስክታገኙ አትጠብቁ፤ የመደመጥ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ በራስ እጅ ሊገባ የሚችል አጭር ነገር ነው። ካስገባችሁ በኋላ ማስረጃ ያዙ፦ የተቀባዩ ማኅተም፣ የፖስታ ደረሰኝ፣ የገባበት ቀን።

ሁለቱን ፋይሎች የሚለያቸው ጊዜ ብቻ አይደለም። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ለማለት ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረጃ ይፈልጋል። መሥሪያ ቤቱ ግን «ሳይሆን አይቀርም» ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ በብዙ ቦታ ሰው በፍርድ ቤት ነጻ ወጥቶ በመሥሪያ ቤቱ ታግዶ ሊቀር ይችላል። ግራ ያጋባል፣ ያናድዳልም። የሕጉ አሠራር ግን እንዲያ ነው።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

«ከገደብ በላይ» ሲባል የሚለካው በደም ውስጥ ያለው አልኮል ነው። እንግሊዝና ዌልስ በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም ይፈቅዳሉ። ስኮትላንድ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ወደ 0.5 አውርዳዋለች። አብዛኛው የአውሮፓ አገር 0.5 ላይ ነው። ስዊድንና ኖርዌይ 0.2። ሃንጋሪና ቼክ ጭራሽ ዜሮ። በአሜሪካ ተለምዶው 0.08 በመቶ ነው (ይህ ከ0.8 ግራም ጋር አንድ ነው፤ አጻጻፉ ብቻ ነው የተለያየው)። ዩታ ብቻ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ 0.05 አድርጋለች። የጭነት መኪና ወይም የአውቶቡስ ሹፌር ከሆናችሁ ደግሞ ሥራ ላይ ያለው ገደብ በአሜሪካ 0.04 ነው፤ የግማሽ ያህል ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ ከገደቡ በታች መሆንም ሁልጊዜ አያድንም። ጀርመን ውስጥ 0.3 ግራም ላይ ያለ ሰው መኪናው ወዲያ ወዲህ ካለ ወይም አደጋ ካደረሰ በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። በብዙ አገር ቁጥሩ ምንም ይሁን «በደንብ መንዳት አይችልም ነበር» የሚል ክስ ለብቻው አለ። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒትም እዚህ ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ መሣሪያው። ፖሊስ መንገድ ላይ ደም አይቀዳም፤ ትንፋሽ ነው የሚለካው። ከትንፋሽ ወደ ደም የሚደረሰው በስሌት ነው። በአሜሪካ የሚሠራበት ስሌት አንድ እጅ ደም ውስጥ ያለው አልኮል 2100 እጅ ትንፋሽ ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው ይላል። እንግሊዝ 2300 ትጠቀማለች። አያችሁት? ቁጥሩ አማካይ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ሳንባ እንደዚያ ይሠራል ማለት አይደለም። ሐሳቡ ራሱ ዕድሜ ጠገብ ነው፤ አሜሪካዊው ሮላ ሃርገር በ1930ዎቹ ፊኛ የሚያስነፋ መሣሪያ ሠራ፤ ከፖሊስ ቤተ ሙከራ የመጣው ሮበርት ቦርከንስታይን ደግሞ በ1954 በቀላሉ የሚሸከሙትን መሣሪያ አወጣ።

ጠበቃ የሚሠራበት ቦታ እዚህ ነው። መሣሪያው በየጊዜው መፈተሽና ልኬቱ መስተካከል አለበት፤ ይህም መዝገብ አለው። ሰውየው ከመንፋቱ በፊት ለተወሰነ ጊዜ ዓይን ሳይነቀልበት መታየት አለበት፤ በካሊፎርኒያ 15 ደቂቃ። ለምን? ካገሳ ወይም ካስመለሰ፣ አፉ ውስጥ የቀረ አልኮል ከሳንባው ጋር ተደምሮ ቁጥሩን ያሳብጠዋል። የአፍ ማጠቢያ ፈሳሽም ይህን ያደርጋል።

ይህ የጠበቃ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ እውነተኛ ጉዳይ ልንገራችሁ። ኒው ጀርሲ ውስጥ መሣሪያዎቹን የሚያስተካክለው የፖሊስ ባልደረባ አንድ ደረጃ ይዘል ነበር። መሣሪያው የሚፈተሽበት ፈሳሽ ትክክለኛ ሙቀት ላይ መሆኑን በተለየ ቴርሞሜትር ማረጋገጥ ነበረበት፤ አላደረገውም። በ2018 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በእነዚያ መሣሪያዎች የተገኘው ውጤት ማስረጃ ሊሆን አይችልም አለ። በአንድ ቴርሞሜትር ምክንያት ከ20 ሺህ በላይ ምርመራዎች ጥያቄ ውስጥ ገቡ። ጉዳዩን የተከታተለው ፍርድ ቤቱም ሆነ ዜጋው «ማሽን አይዋሽም» ከማለት መለስ ብሎ ማሰብ ነበረበት።

ጊዜም አለ። አልኮል ከተጠጣ በኋላ ደም ውስጥ ጣሪያው ላይ ለመድረስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሆድ ሙሉ ከሆነ ከዚያም በላይ ይወስዳል። ከዚያ ጉበት በሰዓት በአማካይ 0.15 ግራም ገደማ እያወረደው ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሰው ሲነዳ ከገደብ በታች ሆኖ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣቢያ ሲነፋ ከገደብ በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ክርክር ሁልጊዜ አይሠራም፤ አንዳንድ ሕጎች በተለይ እሱን ለመዝጋት የተጻፉ ናቸው። ግን ቁጥሩ ከመስመሩ ትንሽ ብቻ ያለፈ ከሆነ የተነዳበትን ሰዓትና የተነፋበትን ሰዓት ማወቅ ዋጋ አለው። ይኸው ስሌት የጠዋቱንም ነገር ይገልጣል። ሌሊት በደንብ የጠጣ ሰው ተኝቶ፣ ታጥቦ፣ ቡና ጠጥቶ ሲነዳ አሁንም ከገደብ በላይ ሊሆን ይችላል። ቡና ያነቃል እንጂ ጉበትን አያፈጥንም።

«አልነፋም» ማለት

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህን ነው። እምቢ ብል ማስረጃ አይኖራቸውም አይደል?

አጭሩ መልስ፦ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል። መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ሲጠየቅ ለመመርመር አስቀድሞ እንደተስማማ የሚቆጥሩ ሕጎች አሉ። በእንግሊዝ ያለ በቂ ምክንያት ናሙና አለመስጠት ለብቻው ወንጀል ነው፤ እገዳውም እዚያው ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች እምቢ ያለ ሰው ፈቃዱ የሚታገድበት ጊዜ ነፍቶ ከወደቀው ሰው ይረዝማል። «ጠበቃዬ እስኪመጣ አልነፋም» ማለትም እንግሊዝ ውስጥ በቂ ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም። በጣቢያ ነጻ የሕግ ምክር የማግኘት መብት አለ፤ ምርመራው ግን አይጠብቀውም።

መለየት ያለባቸው ነገሮች ግን አሉ። መንገድ ላይ የምትነፉት ትንሽ መሣሪያና ጣቢያ ያለው ትልቁ አንድ አይደሉም። ብዙ ቦታ ለክስ የሚቀርበው የትልቁ ውጤት ነው። በአሜሪካ ደግሞ መንገድ ዳር የሚደረጉት ሦስቱ የታወቁ ፈተናዎች፣ ብዕር በዓይን መከተል፣ በመስመር ሄዶ መዞር፣ በአንድ እግር መቆም፣ በአብዛኛው ግዛቶች ግዴታ አይደሉም። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ሳይጠጣም ሊወድቅባቸው ይችላል። ደም ደግሞ ሌላ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 በበርችፊልድ ጉዳይ ለተያዘ ሰው ትንፋሽ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊመረመር ይችላል፤ ደም ግን በመሠረቱ ትእዛዝ ይፈልጋል ብሏል። መርፌ ሰውነት ውስጥ ይገባላ። እንግሊዝ ውስጥ ደም የሰጠ ሰው ከናሙናው ድርሻውን ጠይቆ በራሱ ሊያስመረምር ይችላል። ይህንን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ይመስለኛል፤ መጠየቅ ግን አይከፋም።

ስለ ንግግር ደግሞ ምክሬ ቀላል ነው። ስማችሁንና ሕጉ የሚጠይቃቸውን ሰነዶች ስጡ፤ ትሑት ሁኑ፤ ከዚያ በላይ «ከጠበቃ ጋር ሳልነጋገር ጥያቄ መመለስ አልፈልግም» በሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «ሁለት ቢራ ብቻ ነው» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር የምታድን ትመስላለች እንጂ ፋይሉ ላይ «መጠጣቱን አምኗል» ተብላ ነው የምትጻፈው። (ለማንኛውም ፖሊስ ፊት የቆመ ሰካራም ሁሉ የጠጣው ሁለት ቢራ ነው።) ካሜራም አለ። የተጨቃጨቀ፣ የተሳደበ፣ «እኔን ታውቃለህ?» ያለ ሰው ቪዲዮው ዳኛ ፊት ይከፈታል።

ቋንቋው የአፍ መፍቻችሁ ካልሆነ ይህ ሁለት እጥፍ ያስፈልጋል። ያልገባንን ነገር በአክብሮት «እሺ፣ እሺ» እያልን ማለፍ እንወዳለን። ያቺ «እሺ» መብትን መተው ወይም ጥፋትን ማመን ሆና ልትመዘገብ ትችላለች። አስተርጓሚ ጠይቁ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በወንጀል ጉዳይ አስተርጓሚ ማግኘት ከ2010 በወጣ መመሪያ የተረጋገጠ መብት ነው። አብሯችሁ የተያዘውን ጓደኛ፣ ወይም ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ።

የመጀመሪያው ሳምንት

ጠበቃ ከማግኘታችሁ በፊት እናንተ ብቻ ልትሠሩት የምትችሉት ሥራ አለ። ዛሬውኑ ጻፉት። የት ነበርኩ፣ ምን ጠጣሁ፣ ስንት ሰዓት ጀመርኩ፣ መቼ አቆምኩ፣ ምን በላሁ፣ መቼ ተነሣሁ፣ የት አስቆሙኝ፣ ምን ብለው ጠየቁኝ፣ ስንት ሰዓት ነፋሁ፣ ከዚያ በፊት አስመልሶኝ ነበር ወይ። የምትወስዱት መድኃኒት፣ የጨጓራ ሕመም፣ አስም፣ የቆየ የጉልበት ጉዳት ካለም አክሉበት። አናቱ ላይ «ለጠበቃዬ» ብላችሁ ጻፉ። ለሌላ ለማንም አታሳዩት።

የካሜራ ነገር ችኮላ ይፈልጋል። የምግብ ቤት ወይም የማደያ ካሜራ የቀረጸውን በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ በራሱ ላይ ደግሞ ይቀርጽበታል። ጠበቃው ቶሎ ከተያዘ «እንዳታጠፉት» የሚል ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል። ከወር በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ባዶ ዲስክ ነው የሚያገኘው።

ስልካችሁ ላይ ስለ ጉዳዩ ምንም አትለጥፉ። ለጓደኛ የላካችሁት «ትናንት ጨርቄን ጥዬ ነበር» የሚል መልእክትም ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ጠበቃ ስትይዙ

ሕግ ያጠና ዘመድ ሁሉ ለዚህ አይሆንም። የውል ወይም የቤት ጉዳይ ላይ የተካነ ሰው የትንፋሽ መሣሪያ መዝገብ አንብቦ ላያውቅ ይችላል። የምትፈልጉት የትራፊክና የወንጀል ጉዳይ በየሳምንቱ የሚይዝ፣ በተለይም በዚያ ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው ነው። ዐቃቤ ሕጎቹን ያውቃቸዋል። ዳኛዋ ምን እንደምትጠላም ያውቃል።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ወረቀቶቹን ሁሉ፣ የጻፋችሁትን ታሪክ፣ የመንጃ ፈቃድ መዝገባችሁንና የኢንሹራንሱን ውል ይዛችሁ ሂዱ። ያለፈ ክስ ካለ አትደብቁ። ጠበቃ የሰማውን በምስጢር ይይዛል፤ ያልሰማውን ግን ከዐቃቤ ሕግ አፍ ከሰማው መከላከል አይችልም። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነው።

እናንተም ጠይቁት። የምትከፍሉት ለወንጀል ክሱ ብቻ ነው ወይስ ለመንጃ ፈቃዱም? ይህ እኔ ከሁሉ በፊት የማነሣው ጥያቄ ነው፤ ብዙ ቅሬታ የሚመነጨው «መስሎኝ» ከሚል ነውና። ክርክሩ እስከ ፍርድ ቢሄድ ሌላ ክፍያ አለ? ባለሙያ ምስክር ቢያስፈልግ ማን ይከፍላል? ችሎት የሚቆመው እሱ ራሱ ነው ወይስ ረዳቱ? ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ክፍያው ብዙ ጊዜ በአንድ የተቆረጠ ዋጋ ነው የሚሠራው። «ካሸነፍኩ ብቻ ትከፍለኛለህ» የሚል የወንጀል ጠበቃ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ፤ በአሜሪካ የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ በወንጀል ጉዳይ ይህን ይከለክላል። «መቶ በመቶ አስጥልሃለሁ» የሚለውም እንዲሁ። የሚታመነው ጠበቃ ማስረጃውን ሳያይ «አላውቅም» የሚለው ነው።

ገንዘብ ከሌለስ? በአሜሪካ ከ1963ቱ የጊዲዮን ውሳኔ ወዲህ ከባድ ወንጀል የተከሰሰ ድሀ ጠበቃ እንዲቆምለት መብት አለው፤ ኋላ በመጡ ውሳኔዎችም ይህ እስር ወደሚያስከትሉ አነስተኛ ክሶች ሰፍቷል። በሌሎች አገሮችም ተከላካይ ጠበቃ ወይም የሕግ ድጋፍ አለ። ነጻ ስለሆኑ ደካማ ናቸው የሚለው ሐሜት ትክክል አይደለም። እንዲያውም ከማንም በላይ እነዚህን ክሶች የሚያዩት እነሱ ናቸው። ነገር ግን ቀዳዳ አለው። በመንግሥት የሚቆመው ጠበቃ የሚመደበው ለወንጀል ክሱ ነው። የመንጃ ፈቃዱ ጉዳይ አስተዳደራዊ ስለሆነ በአብዛኛው እሱን አይመለከተውም። ደግሞም ብዙ ጊዜ የሚመደበው የመጀመሪያው ችሎት ላይ ነው፤ በዚያን ጊዜ 10 ቀኑ አልፏል። ስለዚህ ጠበቃ የሚመደብላችሁ ሰዎች ማመልከቻውን ራሳችሁ ማስገባት አለባችሁ። አቅማችሁ ትንሽ ከሆነ ለመንጃ ፈቃዱ ብቻ የአንድ ሰዓት ምክር መግዛትም ይቻላል። የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የምክር ክፍሎችም አንዳንድ ቦታ ይረዳሉ።

ጠበቃው ምን ሊያደርግ ይችላል?

መጀመሪያ ማስረጃውን ይጠይቃል፦ የፖሊሱን ሪፖርት፣ ቪዲዮውን፣ የመሣሪያውን መዝገብ። ፖሊሱ ለምን አስቆመ? ምክንያት ነበረው? ምርመራው በሥርዓቱ ነው የተደረገው? እዚህ ቀዳዳ ከተገኘ ማስረጃው ሊወድቅ፣ ክሱም አብሮ ሊወድቅ ይችላል። የመንጃ ፈቃዱ ክርክር አንድ የተሰወረ ጥቅምም አለው። ቢሸነፉበት እንኳን ፖሊሱ ቀርቦ ከመሰከረ፣ ጠበቃው ለፍርድ ቤቱ ክርክር የሚሆነውን ቀድሞ ይሰማል።

እውነቱን ለመናገር ግን ብዙ ፋይል ቀዳዳ የለውም። ሰውየው ጠጥቷል፣ ነድቷል፣ መሣሪያው ደህና ነው። ያን ጊዜ የጠበቃ ሥራ ሌላ ነው፤ መጠኑን ማስተካከል። ክሱ ወደ ቀላል እንዲለወጥ ይደራደራል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለምሳሌ መጠጥ ያለበት ግድየለሽ አነዳድ በሚል ቀለል ያለ ክስ ላይ የሚደረስ ስምምነት አለ። የመጀመሪያ ጥፋት ከሆነ ትምህርትና ሕክምና ጨርሶ ቅጣቱን የሚያቀል መንገድ ይፈልጋል። በእንግሊዝ ፍርድ ቤቱ የፈቀደለት ሰው ኮርስ ሲጨርስ የእገዳው ጊዜ እስከ አንድ አራተኛ ሊቀነስለት ይችላል። ፍርድ ቤት ሳያዝዝ በራሱ ሕክምና የጀመረ ሰው ዳኛ ፊት ሲቆም ወሬው ሌላ ነው። ይህን አስመስለው የሚያደርጉ አሉ፤ ዳኞችም ያውቁባቸዋል። መጠጡ በእርግጥ ከእጅ ወጥቶ ከሆነ ግን ምናልባት ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚገኘው አንዱ ጥሩ ነገር እሱ ነው።

የተገደበ ፈቃድም አለ፤ ለሥራ፣ ለሐኪም፣ ልጅ ለማድረስ ብቻ መንዳት። ብዙ ጊዜ ከሞተር መቆለፊያ ጋር ይመጣል። መሪው አጠገብ የሚገጠም መሣሪያ ነው፤ ካልነፉበት፣ ወይም አልኮል ካገኘ፣ ሞተሩን አያስነሣም። እየነዱም በመካከል እንደገና ያስነፋል። ልጅ ወይም ጓደኛ ነፍቶ ሞተሩን ላስነሣ ማለት አዲስ ጥፋት ነው።

ሁለት ዓይነት ሰዎች ከሌላው የበለጠ መጠንቀቅ አለባቸው። አንደኛው በመንዳት የሚኖር ሰው ነው። በአሜሪካ የንግድ መንጃ ፈቃድ ያለው ሹፌር በግል መኪናው፣ በዕረፍት ቀኑ ቢያዝም እንኳን የንግዱን ፈቃድ ለአንድ ዓመት ያጣል፤ ሁለተኛ ከተደገመ በመርህ ደረጃ ዕድሜ ልክ ነው። የተገደበ ፈቃድ ለከባድ መኪና አይሠራም። ስለዚህ ለሌላው ሰው ጥሩ የሆነ ስምምነት ለሱ እንጀራን የሚቆርጥ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው በሰው አገር የሚኖር ሰው ነው። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በፓዲላ ጉዳይ የወንጀል ጠበቃ ደንበኛው ጥፋቱን ከማመኑ በፊት በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ የሚመጣውን መዘዝ ሊነግረው ይገባል ብሏል። ሳይጠየቅ ይነግረኛል ብላችሁ ግን አትቀመጡ። «ዜጋ አይደለሁም» የሚለውን በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። አስፈላጊ ከሆነ የኢሚግሬሽን ጠበቃም አብሮ ይመልከተው። ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ «አዎ፣ አጥፍቻለሁ» ማለት በወንጀሉ ትንሽ መቀጮ ሆኖ በሌላው በኩል ትልቅ በር ሊዘጋ ይችላል።

በታገደ ፈቃድ

ከሁሉ ያሳዝነኛል የምለው ይህኛው ነው። ሰው የመጀመሪያውን ጥፋት በስካር ይሠራዋል፤ ሁለተኛውን ግን በሙሉ አእምሮው። «እዚህ ጋ ብቻ ነው»፣ «ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» ብሎ በታገደ ፈቃድ ይነዳል። ይህ ለብቻው ወንጀል ነው፤ በብዙ ቦታ ከመጀመሪያው ይልቅ በቀላሉ እስር ያመጣል። ምክንያቱም ዳኛው ፊት የቀረበው አሁን ጠጪ ሳይሆን ትእዛዝ የናቀ ሰው ነው። ኢንሹራንሱም በዚህ ጊዜ ለደረሰ ጉዳት ላይከፍል ይችላል። ግዛት መሻገርም አያመልጥም፤ የአሜሪካ ግዛቶች የሹፌር መረጃ ይለዋወጣሉ።

መኪና ውስጥ ተኝቶ ማደርም መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። ቁልፍ ኪስ ውስጥ፣ ሰው ሹፌር ወንበር ላይ ከሆነ፣ መኪናው ባይንቀሳቀስም በብዙ ሕግ «መኪናው በእጁ ነበር» ተብሎ ይከሰሳል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ብስክሌት እንኳን ነጻ አያወጣም፤ በአንድ ሊትር ደም ከ1.6 ግራም በላይ ሆኖ ብስክሌት የነዳ ሰው በወንጀል ይጠየቃል።

በመጨረሻ የእገዳው ጊዜ ያልቃል። እዚህም ላይ ወጥመድ አለ። ጊዜው ስላለቀ ብቻ ፈቃዱ በራሱ አይመለስም። የመመለሻ ክፍያ፣ የኮርስ የምስክር ወረቀት፣ የኢንሹራንስ ማረጋገጫ፣ አንዳንዴም የሕክምና ምርመራ ወይም አዲስ ፈተና ይጠየቃል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ መዝገቡ ላይ አሁንም «የታገደ» ነው የሚለው። ጠበቃዋ ለዚያ ሰውዬ የመጨረሻውን ደብዳቤ ስትልክለት ከግርጌው አንድ መስመር ጨምራለች፦ «ቁልፉን ከማንሣትዎ በፊት መሥሪያ ቤቱ ደውለው ፈቃድዎ መከፈቱን በጽሑፍ ያረጋግጡ።» በዚህ ጊዜ ወረቀቱን በሁለቱም ገጽ አነበበው።